ነሐስ የማይገባበት ሳጥን

የድኝ ሽታ አያረጅም። ባለፈው ክረምት የእናቴን ቤት ለማስረከብ ባሕር ዳር ሄጄ፣ ጓዳው ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ የቆመውን ሳጥን ስገልጠው መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው። ምስማሩ ዝጓል፣ ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል፣ ከሰሉ ተፈርክሷል፤ ድኙ ግን አሁን የተጫረ ክብሪት ይመስል አፍንጫዬን ወጋኝ። ቁልፍ ሊቀበለኝ የመጣው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ «ይኼም የሚጣል ነው?» አለኝ። «ይኼ ከኔ ጋር ነው የሚሄደው» አልሁት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም በር ላይ ተቁሞ የሚነገር አልነበረም።

ሳጥኑን የሠራው አባቴ ነው። አባባ የወሎ ሰው ነው፤ ደሴ ተወልዶ፣ ኬሚስትሪ ተምሮ፣ በጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ተቀጥሮ ወደ ባሕር ዳር የመጣ። ጣቶቹ ጠርተው አያውቁም። ሰኞ ሰማያዊ ሆነው ከመጡ ዐርብ ቀይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ እጁ ቀለም የሚለዋወጥ ስለሚመስለኝ፣ እጁ ንጹሕ የሆነ የሰው አባት ባየሁ ቁጥር «ምስኪን፣ ሥራ የለውም» ብዬ አዝንለት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሠራተኞች ክበብ የተጣሉ የእንጨት የቢራ ሳጥኖች በጋሪ አስጭኖ መጣ። ጠርሙስ የሚቆምባቸው ትንንሽ ክፍሎች ነበሯቸው። ከወንድሜ ከናሁሠናይ ጋር ሲቆርጡ፣ ሲመቱ፣ ሲጨቃጨቁ ዋሉና አመሻሹ ላይ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንድ ግዙፍ ነገር ሰቀሉ፤ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ መደርደሪያ። ናሁ በየክፍሉ ጠርዝ ላይ በአባባ ቀለም አንዳንድ፣ ሁለት ሁለት የፈረንጅ ፊደል ጻፈበት። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ነው ተባልን። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ በበሩ ብቅ ብለው አዩትና «የሺ፣ ርግብ ልታረቡ ነው እንዴ?» አሉ።

«ኧረ እኔን አይጠይቁኝ» አለች እማዬ፣ ምስሯን እየለቀመች። «ያበዱት አባትና ልጅ ናቸው። እኔ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነኝ።»

ናሁ ያኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ማትሪክ ተፈትኖ፣ ውጤት የሚጠባበቅ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ የሚስቅ። በእሱና በእኔ መካከል እማዬ የቀበረቻቸው ልጆች ስላሉ ዕድሜያችን ተራርቆ፣ እንደ እህቱ ሳይሆን እንደ ልጁ ነበር የሚያየኝ። ፀጉሬን ሳይቀር አንዳንዴ እሱ ነበር የሚያበጥረኝ፤ እጁ ከእማዬ እጅ ይለሰልሳል።

ጨዋታው ቀላል ነው። አባባ «በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሁሉ፣ ጣናም ሆነ አንቺ፣ ከእነዚህ የተሠራ ነው» አለኝ። የእኛ ሥራ እያንዳንዱን ፈልገን ቤቱ ማስገባት ነበር። ምስማር ብረት ቤት ገባ። ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ ሽቦ መዳብ ቤት ገባ። የተጣመመ የድስት ክዳን ቁራጭ አሉሚኒየም ሆነ። አባባ ከሥራ ቦታው የተሰበረ ቴርሞሜትር አምጥቶ፣ ባዜቃውን በፔንሲሊን ብልቃጥ አሽጎ አኖረው። ወርቅ ቤት ግን ባዶውን ቀረ። አባባ የእማዬን የጋብቻ ቀለበት በዓይኑ ገመት ሲያደርገው አይታ፣ «እስቲ ሞክረህ እየው!» አለችው።

ሕግ የሚያወጣው ናሁ ነበር። አንድ ቀን ጨው በእፍኜ ይዤ መጣሁና ልጨምር ስል እጄን ያዘኝ።

«ጨው ሁለት ነው፤ ተጋብተዋል። ትርንጎዬ፣ ይኼ ሳጥን ገዳም ነው። እዚህ የሚገባው ብቻውን የሚኖር ነው። ያገባ ሰው በገዳም በዓት ይሰጠዋል እንዴ?»

የእማዬ ታላቅ ወንድም በጣና ደሴት ገዳም የሚኖሩ መነኩሴ ስለሆኑ፣ ያገባ ሰው በዓት እንደማይሰጠው አውቅ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ሳየው በየክፍሉ አንድ አንድ ትንሽ መነኩሴ ቆሞ የሚጸልይ ይመስለኝ ጀመር፤ ምስማሩ ቀጭኑ፣ ከሰሉ ጥቁሩ፣ ባዜቃው ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችለው ቅብጥብጥ።

ሌላ ቀን የወታደር መኪኖች ካለፉበት መንገድ ዳር የሚያብረቀርቅ ቢጫ የጥይት ቀለህ አገኘሁ። ወርቅ ቤት ሊሞላ ነው ብዬ እየበረርሁ ቤት ገባሁ። ናሁ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዟዟረው፤ ፊቱ ጥቁር አለ።

«ነሐስ ነው» አለኝ። «መዳብና ዚንክ አብረው ቀልጠው የሆኑት ነው። ነሐስ እዚህ ቤት የለውም።»

«እንደዚህ እያማረ?»

«ቢያምርም አይገባም።»

ጓሮ ወስዶ ቀበረው። እማዬ ከማድ ቤት «ደሞ ምን ልትተክሉ ነው የምትቆፍሩት?» ብላ ጮኸች። ናሁ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ እሷ ገባ። እኔ ወርቄ ስለተቀበረ አኩርፌ ደጅ ቀረሁ።

ያ ክረምት የአፈሳ ክረምት ነበር። ጎረምሳ ያለበት ቤት በሩን በጊዜ ይዘጋል፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ዛሬ የትኛው መንገድ ተዘግቶ ወጣት እንደታፈሰ ነው። እኔ የማውቀው እህል ሲታፈስ ነው። ስለዚህ ወታደሮቹ ትልቅ ጣሳ ይዘው ልጆቹን እየጨለፉ ጆንያ የሚጨምሯቸው ይመስለኝ ነበር፤ ናሁ ረጅም ስለሆነ ጆንያው አይበቃውም ብዬም እጽናና ነበር። የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ከሳምንታት በኋላ የለበሰው ሸሚዝ ብቻ በሰው እጅ መጣላቸው። እትዬ ማንጠግቦሽ ሸሚዙን አላጠቡትም፤ እንዳለ አጥፈው ትራሳቸው ሥር አኖሩት። ከዚያ ወዲህ በእኛ በር ብቅ ብለው ቀልደው አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ለጊዜው አይነካም ይባል ነበር። አባባ ይህችን ወሬ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያዛት። ውጤቱ እስኪመጣ ልጁን መደበቅ፤ ሌላ መላ አልነበረንም።

«ወንድሜ ጋ ይሂድ» አለች እማዬ። «አባ ገብረ ማርያም አይጨክኑበትም። ደሴቱ ላይ ማን ይደርስበታል?»

አባ ገብረ ማርያም የገዳሙ ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው። መልእክት የሚያመላልሰው ደግሞ አያ ደምሌ ነበር፤ ከወዲያ በታንኳ ማገዶ እያመጣ ከተማ የሚሸጥ፣ ፊቱ በፀሐይና በባሕር ነፋስ የከሰለ፣ ትንሽ ተናጋሪ ሰው። ናሁ በማገዶው መካከል ተቀምጦ እንዲሄድ ተመከረ።

ከመሄዱ በፊት በነበረው ከሰዓት፣ ናሁ አንድ ባዶ የፔንሲሊን ብልቃጥ አጥቦ አደረቀ። አፉን ገጥሞ ረጅም ትንፋሽ እፍ አለበትና የጎማ ክዳኑን ቶሎ ደፈነው። ከዚያ ወስዶ ኦክስጅን ቤት አስቀመጠው። አባባ መነጽሩን አወለቀ።

«ይኼማ ማጭበርበር ነው! የሰው ትንፋሽ ቅልቅል ነው፤ ናይትሮጅን አለበት፣ እንፋሎት አለበት...»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ለአንድ ጊዜ ይለፈኝ።»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔው አወጣሁት፣ እኔው ልጣሰው።»

አባባ ሊከራከር አፉን ከፈተና ተወው። በክርክር ሲሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ በዚያ ገዳም ያለ ሕጉ የገባው የናሁ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ጧት ባሕሩ ዳር ወረድን። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ርሶ ነበርና የረጠበ ሣር ሣር ይሸታል። ናሁ አባ ገብረ ማርያም የላኩለትን አሮጌ ነጠላ ተከናንቦ ዲያቆን መስሏል። እኔ አብሬ ልሄድ ስል አያ ደምሌ ሳቀ፤ «ሴት አትረግጠውም፣ የኔ እመቤት። ደሮ እንኳ ሴቷ አትገባም።» ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም። እኔም ለራሴ አስረዳሁ፤ ያም ደሴት እንደ ሳጥናችን ብቻውን የሚኖር ብቻ የሚገባበት ነው፣ እኔ ከገባሁ ሁለት እንሆናለን። ናሁ ተንበርክኮ አገጬን ያዘኝ።

«ወረቀት አንላላክም፤ ቢፈተሽ አያ ደምሌ ይጎዳል። እኔ ግን የጎደለውን እየፈለግሁ እልክልሻለሁ። አንቺ በየቤቱ አስገቢ። ዕቃ ከመጣ ደኅና ነኝ ማለት ነው። እሺ?»

«መቼ ትመጣለህ?»

«ሳጥኑ ሳይሞላ።»

እኔ ይህን ገልብጬ ያዝሁት። ሳጥኑ ሲሞላ ናሁ ይመጣል ብዬ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ መሬት መሬቱን እያየሁ መሄድ ጀመርሁ። የቆርኪ ክዳን፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የማገኘውን ሁሉ አባባ ፊት እደረድራለሁ። አባባ አንድ በአንድ እያነሣ «ይኼ የለም፣ ይኼ ገብቷል፣ ይኼ ድንጋይ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በሰው ዕድሜም እንደማይሞሉ ነገረኝ። አንዳንዱ መርዝ ነው፣ አንዳንዱ ሳይቆይ ራሱን በልቶ ይጠፋል አለኝ። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስሁ። እማዬ የራበኝ መስሏት ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የመጣው እርሳስ ነበር። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዲሰምጥ የሚያስሩት ድብልብል፣ በጌሾ ቅጠል ተጠቅልሎ። አያ ደምሌ ማገዶውን አራግፎ፣ ከጉያው አውጥቶ ሰጠኝ። «ደኅና ነው። ዜማ እንኳ ዠምሯል» አለ። አባባ ድብልብሉን በመዳፉ እየመዘነ ሳቀ። እማዬ ግን ጠጋ አላለችም። «ዕቃው የእናንተ ነው፤ ቅጠሉን ለኔ ስጡኝ» አለችና የጌሾውን ቅጠል ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ በቀሚሷ ኪስ ከተተችው።

ቀጥሎ ዚንክ መጣ፤ ከአንድ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ላይ ተልጦ፣ በአሸዋ ታሽቶ የጸዳ። ቅጠሉን እማዬ ወሰደች። ቀጥሎ ይህ ባለፈው ክረምት አፍንጫዬን የወጋኝ ድኝ መጣ። አያ ደምሌ «ከቁንዝላ ገበያ የገዛው ነው። ከመነኮሳቱ ጋር እህል ሊያስጭን ሄዶ ነበር» ሲል እማዬ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ቁንዝላ ምን አገባው? ደብቁልኝ ነው እንጂ ንግድ አስተምሩልኝ አልሁ?»

«ቀሚስና ነጠላ ለብሶ ማን ያውቀዋል፣ እቴ የሺ?»

«ቁመቱስ? ቁመቱን በምን ሸፈናችሁት?» አለች። ያን ዕለት ቅጠሉን ረስታው ነበር፤ እኔ አንሥቼ ሰጠኋት።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ሰው መጣ። ሲገባ ክላሹን በር ላይ አስደገፈ። «ወጣቶች ይመዘገባሉ፤ ልጅህ የት ነው?» አለ። አባባ «ደሴ። አያቱ ታመውበት» አለ። ሰውዬው ሳጥናችንን ትኩር ብሎ አየና ባዜቃ ያለበትን ብልቃጥ አነሣ። ሲያጋድለው ያቺ ብርማ ጠብታ ትሮጣለች፣ ሲመልሰው ትመለሳለች። ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «ሕይወት አላት እንዴ?» አለ። «የላትም፤ ከባድ ፈሳሽ ስለሆነች ነው» አለው አባባ። ሰውዬው ብልቃጧን እያጋደለ፣ ዓይኑን ሳይነቅልባት «ደሴ መቼ ሄደ?» አለ። እያጫወታት «የተመለሰ ቀን አንተ ራስህ ይዘኸው ትመጣለህ» አለ። በመጨረሻ በጥንቃቄ፣ ካነሣበት ቤት መልሶ አስቀመጣት። እሱ ከወጣ በኋላ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰማያዊ እጆቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እኔ ሰውዬው ጨዋታችንን ስለወደደው ደግ ሰው መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤት ተለጠፈ። አባባ በብስክሌት ሄዶ በእግሩ ተመለሰ፤ ብስክሌቱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ረስቶት። «አልፏል!» ብሎ ከግቢው በር ጀምሮ ጮኸ። «ያውም እንዴት ያለ ማለፍ!» እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የእትዬ ማንጠግቦሽን ግድግዳ አየችና በነጠላዋ አፏን ያዘች። እልልታው ውስጧ ቀረ። እንባዋ ብቻ ወረደ።

አባባ አያ ደምሌን ባሕሩ ዳር ሄዶ አገኘው። «አልፈሃል፤ ውረድ በለው። ሌላ ቃል አትጨምር» አለው። እኔ ደግሞ ሳጥኑ ገና ባዶ ስለሆነ ግራ ገባኝ። ሳይሞላ እንዴት ይመጣል? ግን ቢመጣ አልቃወምም አልሁ።

አያ ደምሌ ተመልሶ ሲመጣ ማገዶውን ለማራገፍ ብዙ ቆየ። ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ነበር የሚያወራው። «አባ ናቸው የላኩኝ። ‹ደኅና ነው፤ ለመስቀል ይመጣል› ብለዋል» አለ። ከጉያው ያወጣውን ለእኔ አልሰጠኝም፤ ለአባባ ሰጠው። በጌሾ ቅጠል አልነበረም። ነጭ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነበር የተጠቀለለው። የማገዶውን ዋጋ እንኳ ሳይቀበል ሄደ።

አባባ ጨርቁን ሳሎን ውስጥ ፈታው። ከተሰበረ ጸናጽል የወለቀች ክብ፣ ስስ፣ ቢጫ ቅጠል ናት፤ ካህናት ሲዘምሩ የምትንሿሿዋ። እጁ ባለበት ቆመ። እማዬ ከማድ ቤት መጣች።

«ዛሬስ ምንድን ነው የላከው?» አለች። ከዚያ በፊት ጠይቃ አታውቅም።

«መዳብ» አለ አባባ። «መዳብ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያ ደኅና ነው» አለች። ያቺን ቅጠል ተቀብላ ሳመቻት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን አስነካቻት። አባባ ተቀብሎ ከሽቦው ጎን መዳብ ቤት አኖራት። እኔ «ነሐስ...» ልል አፌን ስከፍት የአባባ እጅ አናቴ ላይ አረፈ። ከባድ ነበር። እማዬ ያን ቀን ሽሮውን በቅቤ ሠራችው፤ እሷ ራሷ ግን አልበላችም፣ «ስቀምስ ጠግቤ» አለች።

እኔ የመሰለኝ እንዲህ ነው፤ ናሁ ሕጉን ረስቷል፣ አባባም ተሳስቷል። ፈተና ያለፈ ሰው የተማረውን የሚረሳ መሰለኝ፤ ካለፈ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ በማግሥቱ ቤት ሰው ሲጠፋ ነሐሷን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኋት። ከትምህርት ቤት ስመለስ መዳብ ቤት ናት። ደግሜ አወጣኋት፤ ደግማ ገባች። በመጨረሻ አባባ እጄን ይዞ ጓሮ ወሰደኝ።

«ተያት፣ ትርንጎ።»

«ነሐስ ናት እኮ፣ አባባ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ናሁ ለምን ላካት?»

ቀለሁ የተቀበረበት ቦታ ላይ ነበር የቆምነው። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ እጁ እጄን ይዞ ቀረ። «ለእማዬ እንዳትነግሪ» አለኝ በመጨረሻ። «እሷ ደስ ብሏታል።»

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤት አይመጣም፤ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። አያ ደምሌ ግን ጠፋ። ማዕበል ነው አሉ፤ ታሟል አሉ። አባባ የመስቀልን ዕረፍት ተጠቅሞ ራሱ ወደ ደሴቱ ሊሻገር ወሰነ። ለእማዬ ያላት «ልጁን ልቀበለው» ብሎ ነው። እሷም «መልካም፤ ጫማውን ይዘህለት ሂድ» አለችው። ጫማውን አውጥታ ወለወለችው፤ ክሩን አስገባች። ሁለቱም እንደዚያ እየተነጋገሩ አንዱ የአንዱን ፊት አያይም ነበር።

አባ ገብረ ማርያም ቀደሙት። የመስቀል ማግሥት ከሰዓት፣ ደጃችን በዐደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ መቋሚያቸውን እየተደገፉ በግቢው በር ገቡ። እኔ ሮጬ መስቀላቸውን ሳልሳለም ከኋላቸው ያለውን መንገድ አየሁ። መንገዱ ላይ አንድ አህያ ብቻ ነበረ።

«ናሁስ?» አልኋቸው።

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው አቆዩት። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እሷ ግን ከኋላቸው ማን እንዳለ ለማየት አልሞከረችም።

«ይግቡ፣ አባ» አለች። ውኃ አሞቀች። እግራቸውን በሳፋ ውስጥ አስገብታ ማጠብ ያዘች፤ ጭቃውን ከጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር እያወጣች፣ ቀስ ብላ፣ ሥራው እንዳያልቅባት የምትሠራ ትመስል።

«የሺ፣ እኅቴ፣ ልነግርሽ የመጣሁት...»

«ይቆዩ፣ አባ። እግርዎ ይድረቅ።»

አደረቀችው። ተነሣች። አንድም ቀን ነክታው ወደማታውቀው ሳጥን ሄዳ፣ መዳብ ቤት እጇን አስገብታ ያቺን ቢጫ ቅጠል አወጣች። መጥታ በአባ መዳፍ ላይ አኖረቻት።

«ይህን ይመልሱት፤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። እኛም ጋ ቤት የለውም። ነሐስ ነው።»

አባባ ከወንበሩ ተነሣ። «የሺ...»

«ነግሮኛል» አለች። «ያን ቀለህ የቀበረ ዕለት ማድ ቤት ገብቶ፣ ምስር እየለቀመልኝ ነገረኝ። ‹ወርቅ ቢመስልም፣ እማዬ፣ ነሐስ አናስገባም› አለኝ። ልጄ ቢሆን ይህን አይልክም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አንተስ አታውቅም ነበር?»

አባባ ተቀመጠ። እነሱ ሁለቱ፣ እኔን ጨምሮ ሦስታችን፣ ያን ሁሉ ቀን በአንድ ቤት ውስጥ አንዳችን ለሌላችን ስንዋሽ ከርመን ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ናሁ አልረሳም።

አባ ያችን ቅጠል እያገላበጡ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ከዜማ ብዛት የደከመ ነው። ናሁ ለእህል ቁንዝላ ከሄዱት ጋር ደግሞ ሄዶ ነበር። ገበያው ተከበበ። ሽማግሌዎቹን መነኮሳት ለቀቁ፤ እሱን ነጠላውን ገፈው ቁመቱን አዩና መኪና ላይ ጫኑት። አባ ራሳቸው ቁንዝላ ድረስ ወርደው ለምነዋል፤ መኪናው ወዴት እንደሄደ የሚነግር አላገኙም።

«ይህን ወሬ ልልክብሽ ስል ያ ባለ ታንኳ ‹አልፏል፤ ውረድ ተብሏል› ብሎ መጣ» አሉ። «በምን አፌ ልመልስለት? ዕቃ ከመጣ ደኅና ነው ትላላችሁ። ልጁ ዕቃ ቤቴ ሲገባ፣ ለእኅቱ የሚሆን ሲፈልግ፣ ይህችን አንሥቶ ወደ መስኮቱ እያዞረ አይቷት ነበር። ብዙ አያት። ከዚያ መልሶ አስቀመጣት። የቤተ ክርስቲያን ስለሆነች ፈርቶ የተዋት መሰለኝ። ወድዷት ነበር ብዬ... ይህችን ብልክ ደስ ይላቸዋል ብዬ። መስቀል እስኪደርስ ይገኝ ይሆናል ብዬ። ይቅር በይኝ፣ የሺ። ከተሰበሩት ሁሉ ያማረችዋን ነበር የመረጥሁት።»

እማዬ አልጮኸችም። እትዬ ማንጠግቦሽ ጩኸት ሰምተው እንዲመጡ የጠበቅሁ ይመስለኛል፤ የሚሰማ ነገር ግን አልነበረም። ወደ ሳጥኑ ተመለሰችና ኦክስጅን ቤት ያለውን ብልቃጥ አነሣች። አባባ «የሺ፣ እንዳትከፍቺው!» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። እሷ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ምንም የሚታይ ነገር የለውም። ጆሮዋ አጠገብ አደረገችው። ከዚያ የጎማውን ክዳን በአውራ ጣቷ ጠበቅ አድርጋ ተጫነችው፤ እንዳይወጣ። ቤቱ መልሳ አስቀመጠችውና እዚያው ሳጥኑ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ናሁ አልመጣም፤ የደረሰበትንም የነገረን የለም።

ሳጥኑ አሁን እኔ ቤት ቆሟል። ወርቅ ቤት ባዶ ነው፤ መዳብ ቤት ሽቦው ብቻውን አለ። የብልቃጧ ጎማ ደርቆ ጠንክሯል፤ አናቱ ላይ ግን ትንሽ ስርጉድ አለበት፣ እማዬ እንዳይወጣባት ስትጫነው የኖረችበት። አውራ ጣቴን አስገባሁበት። ልኬ ነው።